ምዕራፍ 6፦ ባለቤቱ እስኪመለስ

በ1966 መጀመሪያ ወራት ኒውዮርክ ውስጥ ጆን ሮሚታ የሚባል የ36 ዓመት ሠዓሊ የገዛ እጁን ለመደበቅ ይታገል ነበር። የለመደው ወፈር ያለ፣ የሚፈስ መስመር ነው፤ አሁን ግን ቀጭንና ደረቅ መስመር ያሰምራል። ሰፋ ያለ ሥዕል ይወዳል፤ አሁን ግን ገጹን በዘጠኝ ትንንሽ ሳጥኖች ይከፋፍለዋል። ቆንጆ ሰው መሣል ያውቅበታል፤ ስምንት ዓመት ያህል እንጀራ የበላው ለፍቅር ታሪክ መጽሔቶች እየሣለ ነበርና። አሁን ግን ከሲታ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ፊቱ የሚጨነቅ ጎረምሳ ሣል ተብሏል። ጎረምሳው ፒተር ፓርከር ይባላል፤ ጭምብሉን ሲያጠልቅ ስፓይደርማን ይሆናል። ሮሚታ የሚሥለውም ስቲቭ ዲትኮ ሲሥለው በነበረበት አኳኋን ነው።

ዲትኮ ሥራውን ጥሎ ሄዷል። ሮሚታ ግን ሰውየው በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚመለስ አልተጠራጠረም። ገበያ የያዘ መጽሔት፣ ራሱ የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ፣ ትቶ ለዘለቄታው የሚሄድ ሰው ይኖራል ብሎ ማመን አቃተው። ስለዚህ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ አንባቢው ምንም ነገር እንደተለወጠ እንዳያውቅ ማድረግ የእሱ ድርሻ መስሎ ታየው። በኋላ ዘመን በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ይህንን ደጋግሞ ተናግሯል። እኛ እንዲህ ያለውን ነገር አደራ እንለዋለን።

ዲትኮ አልተመለሰም። ይህ ምዕራፍ አደራው ባለአደራው እጅ ላይ ሲቀር ምን እንደሆነ የሚተርክ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ትንሽ። በእኛ አነጋገር ኮሚክ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የሚያስቅ ሰው ወይም የሚያስቅ ነገር ነው። እዚህ የማወራለት ኮሚክ ብዙ ጊዜ አያስቅም። በሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተረክ፣ በየወሩ የሚወጣ፣ በ1960ዎቹ በ12 ሳንቲም የሚሸጥ ቀጭን መጽሔት ነው። ፊልሙን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ስፓይደርማንን የሲኒማ ልጅ ሊያደርገው ይችላል። ሲኒማው ላይ ከመድረሱ በፊት ግን 40 ዓመት ያህል በዚህ ቀጭን ወረቀት ላይ ኖሯል።

ይህ የወረቀት ዓለም ከሌላው ሥነ ጽሑፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ልቦለድ ደራሲው ሲሞት ያበቃል። በቤልጅጉ የሥዕል ታሪክ ጸሐፊ በኤርዤ የተፈጠረው ቲንቲን እንኳ በ1983 ደራሲው ሲሞት አበቃ፤ ሌላ ሰው እንዳይቀጥለው የደራሲው ፈቃድ ነበርና። የአሜሪካ ልዕለ ጀግና ግን የደራሲው አይደለም። ንብረትነቱ የኩባንያው ነው። የፈጠሩት ሰዎች በገጽ ሒሳብ ተከፍሏቸው ይሄዳሉ፤ እሱ ይቀራል። እነሱ ያረጃሉ፤ እሱ ለዘላለም ወጣት ነው። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ በዚህ ሙያ እንደ አደጋ አይታይም፤ ዕጣ ፈንታው ነው። ጥያቄው መተላለፉ ሳይሆን አተላለፉ ነው።

እርግጥ አንባቢው ይህንን የኩባንያ ውል አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የለውም። አንባቢው የሚያውቀው እጅን ነው። አንድ ልጅ የሠዓሊውን ስም ሳያነብ፣ የጀግናውን ጣቶች አጣጣፍ ብቻ አይቶ «ይኼ እሱ አይደለም» ይላል። የእናቱን እንጀራ ከጎረቤት እንጀራ እንደሚለየው ነው።

ዲትኮ ደግሞ በቀላሉ የሚተካ እጅ አልነበረውም። ስፓይደርማን መጀመሪያ የታየው በነሐሴ 1962፣ «አሜዚንግ ፋንታሲ» በተባለው መጽሔት 15ኛ እትም ነው፤ መጽሔቱም በዚያው እትም ቆመ። የማርቭል ኩባንያ ዋና አዘጋጅና ደራሲ ስታን ሊ በመጀመሪያ ሥዕሉን የሰጠው ለጃክ ኪርቢ ነበር። የኪርቢ ጎረምሳ ግን ደረቱ ሰፊ፣ ቆፍጣና ሆነ። ሊ የፈለገው የተገፋ፣ የሚሾፍበት ተማሪ ነው። ሥራው ወደ ዲትኮ ተዛወረ። ዲትኮ የሠራው ልጅ መነጽር አድርጎ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ከክፍል ጓደኞቹ አንድ እርምጃ ርቆ የሚቆም ነው። ጭምብሉን ሲያጠልቅም ቢሆን እንደ ሸረሪት ይጠማዘዛል እንጂ እንደ አንበሳ አይቆምም። ፊቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የዲትኮ ሐሳብ ነበር። ኮሚክ ውስጥ ስሜት የሚነበበው ከፊት ስለሆነ ይህ ድፍረት ይጠይቃል፤ ዲትኮ ፊቱን ደብቆ ስሜቱን ለጣቶቹና ለጀርባው ሰጠው።

ግን ዲትኮ ሲሄድ ማርቭል ያጣው ሠዓሊ ብቻ አልነበረም። ይህንን ለመረዳት የቤቱን የአሠራር ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌሎች ኩባንያዎች ደራሲው እያንዳንዱን ገጽ፣ እያንዳንዱን ሳጥን፣ እያንዳንዱን ንግግር ጽፎ ለሠዓሊው ይሰጣል። ማርቭል ቤት ግን ሊ በአንድ ጊዜ ብዙ መጽሔቶችን ስለሚጽፍ ጊዜ አልነበረውም። የታሪኩን ጭብጥ ባጭሩ ይነግርና ሠዓሊው ሃያውን ገጽ እንደመሰለው ይሥላል፤ ሊ ከዚያ የተሣለውን እያየ ንግግሩን ይጽፋል። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ድብድቡ ስንት ገጽ እንደሚፈጅ፣ ጀግናው የት ላይ እንደሚያለቅስ የሚወስነው ሠዓሊው ነው። በሌላ አነጋገር ሠዓሊው ግማሹ ደራሲ ነበር። በዲትኮ ጉዳይ ከግማሽም በላይ ሆነ፤ ከስፓይደርማን የራሱ መጽሔት 25ኛ እትም፣ ከሰኔ 1965 ጀምሮ፣ የታሪኩ ነዳፊ ዲትኮ መሆኑ መጽሔቱ ላይ መጻፍ ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ሁለቱ ሰዎች መነጋገር አቁመው ነበር። ዲትኮ ያለቀለትን ሥዕል ይዞ ይመጣል፣ ለኅትመት ክፍሉ ኃላፊ ለሶል ብሮድስኪ ይሰጣል፣ ይሄዳል። ሊ ታሪኩ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ገጾቹን ሲያይ ነው። አንድ ቤት ውስጥ የተኳረፉ ባልና ሚስት በልጅ በኩል እንደሚነጋገሩ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች በስፓይደርማን በኩል ይነጋገሩ ነበር። የሚገርመው ከዚህ ኩርፊያ መሐል የወጣው ሥራ ነው። በየካቲት 1966 የወጣው 33ኛ እትም፣ ስፓይደርማን ከተከመረበት ከባድ ብረት ሥር ተቀብሮ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ገጽ በገጽ እየታገለ የሚነሣበት፣ ለእኔ የዚህ መጽሔት ከፍተኛው ጫፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሞክሯል፤ ያንን ክብደት ወረቀት ላይ የደገመው ግን አላየሁም።

ለምን እንደሄደ ብዙ ተወርቷል። በሰፊው የሚነገረው ግሪን ጎብሊን የተባለው ጠላት ጭምብሉ ሲገለጥ ማን ይሁን በሚለው ላይ ተጣሉ የሚል ነው። ዲትኮ ራሱ በኋላ በጻፋቸው መጣጥፎች ይህንን አልተቀበለም፤ ሰውየውን አስቀድሞ አስቦበት እንደነበር ጽፏል። ያለው ምክንያት ቀላልና መራራ ነው፤ ሊያናግረኝ ለማይፈልግ ሰው ለምን እሠራለሁ? የመጨረሻ እትሙ 38ኛው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ሐምሌ 1966 ይላል።

አሁን ወደ ሮሚታ እንመለስ። ይህ ሰው ወደ ማርቭል የመጣው መሣል ሰልችቶት ነበር። ሌሎች በእርሳስ የሣሉትን በቀለም እያጠነከርኩ ልኑር፣ ራሴ ፈጥሬ አልሥልም ብሎ ነው የገባው፤ እንዲያውም ወደ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሊሄድ ተስማምቶ ነበር። ሊ ምሳ ጋበዘው። ሮሚታ እንዳወሳው ያ ምሳ ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ሲያልቅ የማስታወቂያው ሥራ ቀርቶ ዴርዴቪል የተባለው ዓይነ ስውር ጀግና በእጁ ገብቷል። ይህ የሆነው በ1965 ነው።

የመጀመሪያ ገጾቹ ሊን አላስደሰቱም። ንጹሕ ናቸው፣ ግን እንደ ፍቅር ታሪክ ረጋ ያሉ። ሮሚታ ሙሉ ጽሑፍ ተሰጥቶት መሥራት የለመደ ሰው ነው፤ እዚህ ደግሞ ባዶ ወረቀትና የሁለት ደቂቃ ወሬ ብቻ ይሰጠዋል። ሊ የሰጠው ምክር በቃል አልነበረም፤ ኪርቢን ጠርቶ የሁለት እትሞችን ገጾች በረቂቅ እንዲነድፍለት አደረገ። ሮሚታ በዚያ ረቂቅ ላይ እየሣለ ድብድብ እንዴት እንደሚፈነዳ፣ ዓይን ከሳጥን ወደ ሳጥን እንዴት እንደሚዘል ተማረ። ከጌታው ጀርባ ቆሞ እጁን እያየ እንደሚማር አንጥረኛ ማለት ነው።

ከዚያም በዴርዴቪል 16ኛና 17ኛ እትም ላይ ድንገት ስፓይደርማን በእንግድነት ብቅ አለ። ሮሚታ በወቅቱ የጠረጠረው ነገር አልነበረም፤ በኋላ ሲያስበው ሊ ሳይነግረው እየፈተነው ነበር። ፈተናውን በደንብ ያለፈም አልመሰለውም፤ የሣለው ስፓይደርማን ወፈረበት። ዴርዴቪልን ወዶታል፣ መልቀቅ አልፈለገም። ሊ ጠየቀው፣ እሺ አለ። በፍላጎት ሳይሆን በታዛዥነት የተቀበለው ሥራ በኋላ የስሙ መጠሪያ ሆነ።

የስፓይደርማን 39ኛ እትም ነሐሴ 1966 የሚል ቀን ይዞ ወጣ። ልብ በሉ፤ አሜሪካ ውስጥ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ወር ሁለትና ሦስት ወር ቀድሞ ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ ልጆቹ እጃቸው የገባው ገና በጸደይ ነበር። ሽፋኑ ላይ ግሪን ጎብሊን በበረራ መሣሪያው ሆኖ የታሰረ ሰው ይጎትታል። የታሰረው ሰው ጭምብል የለውም። ፒተር ፓርከር ነው።

አንባቢው ይህንን ሽፋን ሲያይ ስለ ሠዓሊው መለወጥ የሚያስብበት ፋታ አያገኝም። እንደ እኔ ግምት ሊ በዚያ ወር የሠራው ትልቁ ብልሃት ይኸ ነው። ጎብሊን መጀመሪያ የመጣው በሐምሌ 1964 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጭምብሉ ሥር ማን እንዳለ አልተነገረም። የቀድሞው ቡድን የቆለፈውን ሣጥን አዲሱ ቡድን በመጀመሪያው ወር ከፈተው፤ ጎብሊን የፒተር ጓደኛ የሃሪ አባት፣ ባለ ፋብሪካው ኖርማን ኦስቦርን ሆኖ ተገኘ። እሱም በፋንታው ስፓይደርማን ማን እንደሆነ አወቀ። በቀጣዩ እትም መጨረሻ ላይ ኦስቦርን በድብድቡ ተመትቶ ጎብሊን የነበረበትን ዘመን በሙሉ ይረሳል፤ ፒተርም የጎብሊንን ልብስ አቃጥሎ ምስጢሩን ይቀብርለታል። ልጁ ያለበትን ችግር አስቡት፤ የሚያስፈራው ጠላት የጓደኛው አባት ነው፣ ሰውየው ምንም አያስታውስም፣ አንድ ቀን ግን ሊያስታውስ ይችላል። በሁለት እትም የተሠራ ታሪክ ለሰባት ዓመት ስንቅ ሆነ።

ያልተከፈለ ሌላም ዕዳ ነበር። የፒተር አክስት ሜይ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ዋትሰን ጋር ሆነው ልጁን ከጎረቤቷ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ጋር ሊያስተዋውቁት ሲማከሩ ከርመዋል። እንዲህ ያለ የአክስቶች ሴራ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅቷ ሜሪ ጄን ትባላለች። ስሟ በ1964 ተነሣ፤ በ1965 ራሷ ብቅ ስትል ደግሞ ዲትኮ ፊቷን በአበባ ሸፈነው። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት አይተው ይደነግጣሉ፣ አንባቢው ግን አያይም። ይህ በቃላት ቀላል፣ በሥዕል ግን አስቸጋሪ ዕዳ ነው። ሁለት ዓመት የተጠበቀ ፊት በመጨረሻ ሲታይ ተራ ቆንጆ ከሆነ ገበያው አበቃ።

ፊቱን የመሣል ዕጣ ለሮሚታ ደረሰ። በኅዳር 1966፣ በ42ኛው እትም የመጨረሻ ሳጥን፣ በር ተከፍቶ ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ ቆማለች። ሮሚታ ያሰባት የፊልም ተዋናይዋን አን-ማርግሬትን ነው። የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚህ ሙያ ከታተሙ ንግግሮች እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ዲትኮ ቢቆይ ኖሮ ያቺ ፊት ምን ትመስል ነበር? ማንም አያውቅም። የፍቅር ታሪክ ለስምንት ዓመት የሣለ እጅ ግን ይህችን በር እንደተጠበቀ ቁልፍ ከፈታት።

ነገሩ የተገለበጠውም እዚህ ላይ ነው። ሮሚታ እጁን ሊደብቅ ነበር የተነሣው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እሱ ግን መድመቅ አልፈለገም፣ ወርቁን አጽድቶ ለባለቤቱ መመለስ ነው የፈለገው። አቃተው። ዘጠኙን ሳጥን መኮረጅ ይቻላል፤ ቀጭኑን መስመር መኮረጅ ይቻላል። ፒተርን ሲሥል ግን አገጩ ይስተካከላል፣ ትከሻው ቀና ይላል፣ ጸጉሩ ይበጠራል። ከሲታውን ልጅ ለመሥራት በተቀመጠ ቁጥር ከእርሳሱ ሥር መልከ መልካም ወጣት ይነሣል። የፒተርን የኮሌጅ ክፍል ጓደኛ ግዌን ስቴሲን ዲትኮ ቀዝቃዛና ኩሩ አድርጎ ነበር ያስገባት፤ በሮሚታ እጅ ሰው መንገድ ላይ ዞሮ የሚያያት ልጅ ሆነች። ወራት ሲያልፉና ባለቤቱ ሳይመለስ ሲቀር ሮሚታ መደበቁን ተወው። መስመሩ ወፈረ፣ ሳጥኖቹ ሰፉ። ፒተር ሞተር ብስክሌት ገዛ፣ ከአክስቱ ቤት ወጥቶ ከሃሪ ጋር ቤት ተከራየ፣ ሁለት ቆንጆዎች መሐል ቆሞ ግራ ተጋባ።

በሐምሌ 1967፣ በ50ኛው እትም፣ ስፓይደርማን ነገሩ ሁሉ ሰልችቶት ልብሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ በዝናብ ሲሄድ የሚያሳየው ገጽ የሮሚታ ነው። በ2004 የወጣውን ሁለተኛውን ፊልም ያየ ሰው ያንን ሥዕል ሳያውቀው አይቶታል፤ ዳይሬክተሩ ሳም ራይሚ እንዳለ ነው ያነሣው። እዚያ ገጽ ላይ የዲትኮ ጥላ የለም።

ሽያጩስ? በ1966 በአማካይ ከ340 ሺህ በላይ ቅጂ በየወሩ ይሸጥ የነበረው መጽሔት በ1967 ከ360 ሺህ አለፈ። ይህ ቁጥር ኩባንያውን አስደስቷል፤ እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። የተገኘውን ያህል የጠፋም አለ። የዲትኮ ፒተር ማንም የማይጋብዘው ልጅ ነበር፤ መድረሻ ያጡ ጎረምሶች የራሳቸውን ፊት ያዩበት መስታወት። የሮሚታው ፒተር ችግሩ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሴቶች የሚሻሙበት ወጣት ነው። «ማንም አይወደኝም» ሲል ማመን ይከብዳል። መጽሔቱ ብዙ ሰው አተረፈ፣ ያንን አንድ ብቸኛ ልጅ ግን አጣ። ሁለቱንም የሚወድ አንባቢ አለ፤ አንዱን ከሌላው ሳያበላልጥ የሚወድ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁሉም ወራሽ እንደ ሮሚታ አይደበቅም። ዋልተር ሳይመንሰን በኅዳር 1983 «ቶር» የተባለውን መጽሔት ሲረከብ በመጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ቶር ራሱ አልነበረም፤ የቶርን ልብስ የለበሰ ፈረስ መሳይ ፍጡር በመዶሻ የመጽሔቱን ስም ሲሰባብር ነው የሚታየው። አዲስ ሰው ገብቷል ማለት ከዚህ በላይ በጩኸት አይነገርም።

ከሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሄደው ግን እንግሊዛዊው አለን ሙር ነው፤ እሱንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። «ስዋምፕ ቲንግ» የዲሲ ኩባንያ መጽሔት ነው፤ ታሪኩም አሌክ ሆላንድ ስለተባለ ሳይንቲስት ነው። ሰውየው ቤተ ሙከራው ፈንድቶ ረግረግ ውስጥ ይወድቅና በሣርና በጭቃ የተሠራ ግዙፍ ፍጡር ሆኖ ይነሣል። ሰውነቱን መልሶ ለማግኘት ሲንከራተት ዓመታት አለፉ። በ1983 ሽያጩ ወደ 17 ሺህ ወርዶ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ፍጡሩን ከሠዓሊው ከበርኒ ራይትሰን ጋር የፈጠረው፣ በዚያን ጊዜ አዘጋጅ የነበረው ሌን ዊን፣ አሜሪካ ውስጥ እምብዛም ለማይታወቀው ሙር ሰጠው። የሚዘጋ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠይቃል?

ሙር በመጀመሪያ ያደረገው ቤት መጥረግ ነው። 20ኛው እትም ከእሱ በፊት የነበረው ደራሲ የተዋቸውን ክሮች አንድ በአንድ እየቋጠረ ይዘጋል፤ በመጨረሻም ፍጡሩ በጥይት ይወድቃል። 21ኛው፣ የካቲት 1984፣ ሬሳውን ይከፍታል። የሚመረምረው የዕፅዋት ሳይንቲስት ሳንባ የሚመስል ነገር ያገኛል፤ አየር አያስገባም። ልብ የሚመስል ነገር ያገኛል፤ ደም አይረጭም። ዕፅዋት የሰውን አካል በትዝታ ለመሥራት የሞከሩ ያህል ነው። ሳይንቲስቱ የሚደርስበት መደምደሚያ ይኸ ነው፤ አሌክ ሆላንድ ገና በፍንዳታው ዕለት ሞቷል። ይህ ፍጡር ወደ ሣርነት የተለወጠ ሰው አይደለም፤ ሰው ነኝ ብሎ የሚያምን ሣር ነው።

የዚህን ብልሃት ረቂቅነት ልብ ማለት ይገባል። ሙር ከቀድሞዎቹ ደራስያን አንዲት ገጽ አልሰረዘም። የሆነው ሁሉ እንደሆነ ነው፤ ፍንዳታውም፣ እሳቱም፣ ረግረጉም። የለወጠው ትርጉሙን ብቻ ነው። የቅኔ ተማሪ ይህንን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል፤ ሰሙ ሳይነካ ወርቁ ሌላ ሆነ። ሽያጩም ከ100 ሺህ በላይ ወጣ። ሠዓሊዎቹ ስቲቭ ቢሴትና ጆን ቶትልበን ግን ሙር ከመምጣቱ በፊት መጽሔቱ ላይ ነበሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቃሉ ድንገት ሲገለበጥ ዓይን የሚያውቀው እጅ ስለቀጠለ አንባቢው ቤቱ አልጠፋበትም።

ስፓይደርማን ላይ የሆነው ተቃራኒው ነበር፤ እጁ ሲሄድ ድምፁ ቀረ። ሊ ንግግሩን መጻፉን ስለቀጠለ ፒተር ሲያስብ፣ ሲቀልድ፣ ራሱን ሲወቅስ ቃናው ያው ነው። መልኩ የተለወጠ ወዳጅ በስልክ ሲያናግርህ ወዲያው እንደምታውቀው ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲቀር ሽግግሩ ይሻገራል። ሁለቱም በአንድ ቀን ሲሄዱ አንባቢው ስሙ ብቻ አንድ የሆነ ሌላ ሰው ቤት የገባ ይመስለዋል። ይህ የሒሳብ ሕግ አይደለም፤ የእኔ የረጅም ጊዜ የአንባቢነት ትዝብት ነው።

ሊም በተራው ሄደ። በ1972 110ኛውን እትም ጽፎ አቆመ፤ ጽሕፈቱን የተረከበው ገና 20 ዓመት ያልሞላው ጄሪ ኮንዌይ ነው። አሁን ደግሞ የቀረው እጅ የሮሚታ ነበር። ያ ለእንግድነት የመጣ፣ የሰው ዕቃ የሚጠብቅ ሰው የቤቱ አዛውንት ሆኗል። አንድ ከባድ ነገር ይሁን፣ አንድ ሰው ይሙት ተብሎ ሲመከር፣ አክስት ሜይ ትሁን የሚል ሐሳብ ነበር። አሮጊት ብትሞት ማን ይደነግጣል፣ የፒተር ፍቅረኛ ግዌን ትሙት ያለው ሮሚታ ነው። በሰኔ 1973፣ በ121ኛው እትም፣ ጎብሊን ትዝታው ተመልሶለት ግዌንን ከድልድይ ላይ ወረወራት። በሮሚታ የመጀመሪያ ወር የተቀበረው ምስጢር ነበር ከመቃብሩ የተነሣው።

በዚያው ዓመት ሮሚታ የማርቭል የሥዕል ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሥራው፣ ከሌላው ጋር፣ ሌሎች ሠዓሊዎች የሣሏቸውን ፊቶች ማረም ነበር። ፒተር ፒተርን ካልመሰለ፣ ሜሪ ጄን ሜሪ ጄንን ካልመሰለች፣ ገጹ ወደ እሱ ይመጣል። «መምሰል» ማለት ደግሞ እሱ የሣላቸውን መምሰል ነው። ካልሲ ላይ፣ ቦርሳ ላይ፣ የልጆች ደብተር ሽፋን ላይ የምናየው ስፓይደርማን በአብዛኛው ከዚያ እጅ የተቀዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መርካቶ ሄዶ የልጅ ቦርሳ የገዛ ወላጅ የሮሚታን መስመር ቤቱ አስገብቷል።

ሮሚታ በሰኔ 2023 በ93 ዓመቱ አረፈ። ዲትኮ አምስት ዓመት ቀድሞት፣ በ2018 ሞቷል። በመሐሉ ግን አንድ ነገር ሆኗል። ሮሚታ በ1966 ይመለሳል ብሎ የጠበቀው ሰው በርግጥም ተመልሶ ነበር፤ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1979። ዲትኮ ማርቭል ቤት ገብቶ ለብዙ ዓመታት የተለያዩ መጽሔቶችን ሣለ፤ የሰጡትን ሠራ። ስፓይደርማንን ሣል ሲሉት ግን አልሥልም አለ።